ዕጩ መኮንኑ ከጠመንጃው በፊት የሚሸከመው

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት ስለ ሹመት ያለንን አመለካከት ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ሹመት ለብዙዎቻችን መብያ ነው፤ ኃላፊነቱ ከደመወዙና ከመኪናው በኋላ የሚታሰብ ነገር ነው። ይህ አመለካከት በሲቪል መሥሪያ ቤት ሲነግሥ የምንከፍለው ዋጋ ገንዘብና ጊዜ ነው። በጦር ሠራዊት ውስጥ ሲነግሥ ግን የምንከፍለው በሰው ሕይወት ነው።

አንድ ወጣት ወደ ወታደራዊ አመራር ትምህርት ሲገባ ቤተሰቡ የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች የታወቁ ናቸው። ደመወዙ ስንት ነው? ሲመረቅ ማዕረጉ ምን ይሆናል? የት ይመደባል? እነዚህ ጥያቄዎች ነውር የለባቸውም። ነገር ግን ከሁሉ የሚቀድመውን ጥያቄ ይዘሉታል። ይህ ልጅ ነገ ሠላሳና አርባ ሰው የሚያዝዝ ከሆነ፣ ዛሬ ክፍል ውስጥና ሜዳ ላይ ከእርሱ የሚጠበቀው ምንድን ነው? የእርሱ ኃላፊነትስ የት ይጀምራል፣ የትስ ያበቃል? ይህ ጽሑፍ ጥያቄውን ከታሪካችንና ከሕጋችን አንጻር ለማብራራት ይሞክራል።

ሆለታ፣ 1927 ዓ.ም.

የሆለታ ገነት ጦር ትምህርት ቤት በ1927 ዓ.ም. ሲከፈት አስተማሪዎቹ በካፒቴን ቪኪንግ ታም የሚመሩ የስዊድን መኮንኖች ነበሩ። ተማሪዎቹ በአብዛኛው ከአዲስ አበባ ዘመናዊ ትምህርት ቤቶች የተመለመሉ፣ ፈረንሳይኛ የቆጠሩ ወጣቶች ናቸው። ትምህርታቸውን ሳይጨርሱ ጦርነት ደረሰባቸው። ከማይጨው ሽንፈት በኋላ፣ በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ሲገሠግሥ፣ እነዚህ ዕጩ መኮንኖች ጣርማበር ላይ እንዲመክቱት ተላኩ። በዚያ ጦር የሚመከት ጠላት አልነበረም። የሰሜኑ ሠራዊት ተበትኗል፤ ንጉሠ ነገሥቱም ሚያዝያ 24 ቀን አገር ለቀው ሄዱ።

ለእኛ ጉዳይ ዋናው ከዚህ በኋላ የሆነው ነው። አዛዥ የለም፣ መንግሥት የለም፣ የሚቆጣጠራቸው የለም። ተማሪዎቹ ወደየቤታቸው ቢሄዱ የሚወቅሳቸው አልነበረም። ከፊሎቹ ግን ወደ ምዕራብ ተጉዘው ነቀምቴ ላይ ከሌሎች ምሁራን ጋር በመሆን፣ በእንስሳት ሐኪሙ በዶክተር ዓለመወርቅ በየነ መሪነት የጥቁር አንበሳ ማኅበርን መሠረቱ። በሰኔ 1928 ዓ.ም. ቦነያ ላይ ያረፉትን የጣሊያን አውሮፕላኖች ያቃጠሉት የዚህ ማኅበር ሰዎች ናቸው።

ከአውሮፕላኖቹ ይልቅ እኔን የሚያስደንቀኝ ማኅበሩ ለራሱ ያወጣው ባለ አሥር ነጥብ ሕገ ደንብ ነው። ደንቡ የፖለቲካው አመራር ከወታደራዊው በላይ መሆኑን ይደነግጋል። ገበሬው እንዳይበደልና እንዳይዘረፍ፣ ምርኮኛም በሰብዓዊነት እንዲያዝ ያዛል። አባላቱ ወደ ውጭ እንዳይሰደዱና እስከ መጨረሻው እንዲዋጉ ያስገድዳል። ልብ እንበል! ይህን የጻፉት ሰዎች መንግሥት አልነበራቸውም፤ ብዙዎቹም ገና ወጣቶች ናቸው። ማንም ሳያስገድዳቸው ራሳቸውን በሕግ አሠሩ። ማኅበሩ በ1929 ዓ.ም. ከራስ ዕምሩ ጦር ጋር ጎጀብ አካባቢ ተከቦ እጁን ሰጠ። እንደ ክፍሌ ናሲቡና በላይ ኃይለአብ ያሉት ከየካቲት 12ቱ የግራዚያኒ ሙከራ በኋላ ተረሸኑ።

ወታደራዊ አመራር የሚማር ተማሪ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠበቅበት ይኸው ነው። ማንም በማያየው ጊዜም በሕግ የሚገዛ ሰው መሆን።

አራቱ ግዴታዎች

የየአገሩ ወታደራዊ ትምህርት ቤቶች በአለባበስና በሰልፍ ቢለያዩም ከተማሪው የሚጠብቁት ነገር ይቀራረባል። በአራት ጠቅለል አድርገን ልናየው እንችላለን።

የመጀመሪያው እውነት መናገር ነው። ይህ የግብረ ገብ ስብከት ብቻ አይደለም። ወታደራዊ ውሳኔ የሚቆመው በሪፖርት ላይ ነው። ጥበቃ ሳያቆም «አቁሜአለሁ» ያለ፣ ጥይቱን ሳይቆጥር «ሙሉ ነው» ያለ መኮንን የበላዩን ያሳስታል፤ በስሕተቱም ሰው ይሞታል። በአሜሪካው ዌስት ፖይንት አካዳሚ የክብር ደንቡ ተማሪው ራሱ እንዳይዋሽ፣ እንዳይሰርቅና እንዳያጭበረብር ብቻ ሳይሆን፣ ይህን ያደረገ ጓደኛውንም አይቶ እንዳያልፍ ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. በ1976 በአንድ የኤሌክትሪክ ምህንድስና የቤት ሥራ የተኮራረጁ ከ150 በላይ ዕጩ መኮንኖች አካዳሚውን እንዲለቁ ሆነዋል። ቅጣቱ ከባድ ነው የሚል ክርክር ተነሥቶ ጉዳዩ በኮሚሽን ተመርምሯል፤ ብዙዎቹም እንዲመለሱ ዕድል ተሰጥቷቸዋል። ነገር ግን ኩረጃ የሕፃናት ጨዋታ ነው ያለ አልነበረም። በእኛ አገር ኩረጃ «መተጋገዝ» ተብሎ ከተጠራ ቆይቷል። በኩረጃ መኮንን የሆነ ሰው ግን ካርታ የማንበቢያው ሰዓት ሲደርስ የሚኮርጅበት ጎረቤት አያገኝም።

ሁለተኛው ለመምራት አስቀድሞ መመራትን መማር ነው። የእንግሊዙ ሳንድኸርስት አካዳሚ መፈክር «ለመምራት አገልግል» የሚል ነው። ተማሪው በሰዓቱ ይገኛል፣ ልብሱንና መሣሪያውን በገዛ እጁ ያጸዳል፣ ዛሬ የምድቡ ኃላፊ ሆኖ ነገ ተራ አባል ይሆናል። ይህ ሁሉ እርሱን ለማዋረድ አይደለም። ነገ የሚያዝዘው ወታደር እግሩ ሲላጥ፣ እንቅልፍ ሲያጣ፣ ሲርበው ምን እንደሚሰማው በገላው እንዲያውቀው ነው። ይህን ሳያውቅ የሚያዝዝ ሰው የማይቻለውን ያዝዛል፤ ትእዛዙ ሳይፈጸም ሲቀርም የሚቀጣው ወታደሩን ነው።

ሦስተኛው የበታቹን ከራሱ ማስቀደም ነው። በ1950 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የሐረር ጦር አካዳሚ ያስተምር የነበረው በሕንድ መኮንኖች ነው። ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በውጤታቸው የላቁትን እየመረጠ ለሦስት ዓመት ወታደራዊውንም ቀለሙንም ያስተምር ነበር። እነዚያ ሕንዶች የመጡበት የዴራዱን አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1932 ሲከፈት፣ ጄኔራል ቼትውድ ለተማሪዎች የነገሯቸው የቅደም ተከተል መርሕ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። የአገር ደኅንነትና ክብር ምንጊዜም በመጀመሪያ፣ የወታደሮችህ ደኅንነትና ምቾት ቀጥሎ፣ የራስህ ምቾት በመጨረሻ የሚል ነው። ከላይ ከጠቀስነው ተረት ጋር አስተያዩት። እዚህ መጀመሪያ የሚበላው ወታደሩ ነው፤ መኮንኑ የተረፈውን ይበላል።

አራተኛው ማወቅ ነው። ጀግንነት ዕውቀትን አይተካም። ዕጩ መኮንን የመሬት አቀማመጥ፣ የስንቅና የትጥቅ ሂሳብ፣ የመጀመሪያ ሕክምና፣ ታሪክና ሕግ ይማራል፤ የመከላከያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሲሆን ደግሞ ምህንድስናውን ወይም ሕክምናውን ይጨምርበታል። «እኔ ወታደር ነኝ፣ ሕግ ምን ያደርግልኛል?» የሚል ተማሪ ካለ፣ ቀጣዩ ክፍል በተለይ እርሱን ይመለከታል።

«ታዝዤ ነው» እስከ ምን ድረስ?

ወታደር መታዘዝ አለበት። ትእዛዝን አለመፈጸም በወንጀል ሕጋችን ራሱን የቻለ ወታደራዊ ወንጀል ነው። ሠራዊት በእያንዳንዱ ትእዛዝ ላይ ድምፅ እየሰጠ ሊዋጋ አይችልም። ታዲያ የታዘዘው ነገር ወንጀል ቢሆንስ?

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ለዚህ ግልጽ መልስ አለው። አንቀጽ 73 ትእዛዝ የሰጠውን ሰው ኃላፊ ያደርጋል። አንቀጽ 74 ደግሞ ወደ ታዛዡ ይመለሳል። ታዛዡ የትእዛዙን ሕገ ወጥነት ካወቀ፣ በተለይም ትእዛዙ ያለ ሥልጣን የተሰጠ መሆኑን ወይም የታዘዘው ድርጊት እንደ ሰው መግደል ያለ ከባድ ወንጀል መሆኑን እያወቀ ከፈጸመ፣ በወንጀል ይጠየቃል። ፍርድ ቤቱ የወታደራዊ ዲሲፕሊንን ጫና ተመልክቶ ቅጣቱን ሊያቀልለት ይችላል። በትእዛዙ ላይ መከራከርም ሆነ ሌላ ማድረግ ፈጽሞ የማይቻለው እንደነበር ካመነ ጨርሶ ላይቀጣውም ይችላል። ነገር ግን «ታዝዤ ነው» ማለት ብቻውን በር አይከፍትም። ይህ ከውጭ ትናንት የመጣ ሐሳብም አይደለም፤ በ1949 ዓ.ም. በወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ውስጥም ነበር።

በዓለም ታሪክ ይህን ጉዳይ በግልጽ ካነሡት ፍርዶች አንዱ የሁለት ወጣት መኮንኖች ነው። እ.ኤ.አ. በ1918 አንድ የጀርመን ባሕር ሰርጓጅ መርከብ ላንዶቬሪ ካስል የተባለችውን የሆስፒታል መርከብ አሰጠመ፤ ከዚያም ከአደጋው ተርፈው በጀልባ ላይ በነበሩት ላይ ተኩስ ተከፈተ። አዛዡ ለፍርድ አልቀረበም። እ.ኤ.አ. በ1921 የላይፕዚግ ፍርድ ቤት ሁለቱን የበታች መኮንኖች በአራት አራት ዓመት እሥራት ቀጣ። በጀልባ ላይ ያለን ሰው መግደል ሕገ ወጥ መሆኑን ማንም ሰው ያውቀዋል፤ የአዛዥ ቃል ይህን አይለውጠውም ሲል ፈረደ።

እኛም የራሳችን መዝገብ አለን። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ የቀድሞ ባለሥልጣናትን ያለ ፍርድ ሲያስረሽን ትእዛዝ ነበር፤ በቀይ ሽብርም ትእዛዝ ነበር። በልዩ ዐቃቤ ሕግ በቀረቡት ክሶች ብዙዎች «የታዘዝኩትን ፈጸምኩ» ብለው ተከራክረዋል። የደርግ አባላት ፍርድ የተሰጠው በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. ነው፤ ከድርጊቱ ሦስት አሥርት ዓመታት በኋላ ማለት ነው። ዛሬ ደግሞ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 28 በሰው ልጅ ላይ የሚፈጸም ወንጀል በይርጋ አይታገድም ይላል። የሃያ ሁለት ዓመት ምክትል መቶ አለቃ ዛሬ የሚፈጽመው ነገር በሃምሳ ዓመቱ ሊጠየቅበት ይችላል።

ስለዚህ ተማሪው መማር ያለበት በመታዘዝና ባለመታዘዝ መካከል ያሉትን ደረጃዎች ነው። ትእዛዙ ያልገባው እንደሆነ ይጠይቃል። አጠራጣሪ ከሆነ በጽሑፍ እንዲሰጠው ያሳስባል፣ ተቃውሞውን ያስመዘግባል፣ ከአዛዡ በላይ ላለው ያሳውቃል። እጁን ያልዘረጋ ሰው እንዲገድል፣ ቤት እንዲያቃጥል ወይም እሥረኛ እንዲረሽን ሲታዘዝ ግን ጥርጣሬ የለም፤ አይፈጽምም። ይህ ድፍረት በጦር ሜዳ ድንገት አይመጣም። ክፍል ውስጥ በምሳሌ ካልተለማመደው፣ በጭንቅ ሰዓት የሚሠራው ሌሎች የሚሠሩትን ነው።

ቢቸናና ሞጣ የሚያስተምሩት

ከደጀን ተነሥቶ በቢቸናና በሞጣ አድርጎ ባሕር ዳር የሚገባውን መንገድ የሚያውቅ ሰው ስለ አመራር የሚያስተምር አገር አቋርጦ ያልፋል።

አባ ኮስትር በላይ ዘለቀ የቢቸና አገር ሰው ነው። ሆለታ አልገባም፣ ሳንድኸርስትን አያውቅም። በአምስቱ ዓመት የጠላት ወረራ ጊዜ ግን በምሥራቅ ጎጃም ብዙ ሺህ ሰው አስከትሎ ተዋግቷል፣ ለተከታዮቹ ማዕረግ ሰጥቷል፣ አስተዳድሯል። አመራር ከትምህርት ቤት ብቻ እንደማይወጣ ለዚህ ምስክር አያሻውም። ተቋም ሲጎድል የሚሆነውም በዚሁ ሰው ታሪክ ይታያል። በ1933 ዓ.ም. ከደብረ ማርቆስ የሸሸው የጣሊያን ጦር ዓባይን ሲሻገር በላይ ሳይዋጋ አሳለፈው ሲሉ የእንግሊዝ መኮንኖች ጽሑፎች ይከሱታል፤ ብዙ ጎጃሜዎች ክሱን አይቀበሉትም። በሥርዓት የቆመ ሠራዊት ቢሆን ሪፖርት ይኖር ነበር፤ አጣሪ ይቀመጥ፣ ቃል ይቀበል ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ስላልነበረ ጉዳዩ ሐሜትና መልስ ሆኖ ቀረ። ከነጻነት በኋላ በላይ ደጃዝማች ተብሎ ቢቸናን እንዲገዛ ቢሾምም፣ ከጠቅላይ ግዛቱ ገዥ ጋር ተጋጭቶ በ1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተሰቀለ። አርበኛውን መንግሥቱ ራሱ ሰቀለው። ያ ቁስል በጎጃም እስከ ዛሬ አልደረቀም።

ሁለተኛው ትምህርት የ1960 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት የወጣው የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ ርስታችንን ሊያስነጥቀን ነው ብሎ የሰጋው የጎጃም ገበሬ፣ ሞጣንና ቢቸናን ጨምሮ በየአውራጃው አመፀ። መንግሥት ጦር ላከ፤ አውሮፕላንም በመንደሮች ላይ ቦምብ ጣለ። በኋላ ግን የጠቅላይ ግዛቱ ገዥ ተነሡ፣ አዲሱን ግብር የማስከፈሉም ሙከራ ተተወ። እዚህ ላይ ያንን ትእዛዝ የተቀበለውን ወጣት መኮንን እናስበው። የተላከበት ምክንያት በወራት ውስጥ ተሠርዟል። ግብሩ ይሠረዛል፣ ገዥው ይነሣል፤ የሞተው ገበሬ ግን አይነሣም። ፖለቲከኛው ሐሳቡን ሊለውጥ ይችላል፤ የተኮሰው ሰው ጥይቱን መመለስ አይችልም። የጦር ትምህርት ቤት ተማሪ ስለ ኃይል አጠቃቀም ከዚህ የበለጠ ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ የለበትም።

ይህ ታሪክ ብቻ ቢሆን በወደድን። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል በመንግሥት ጦርና በፋኖ ታጣቂዎች መካከል በተቀሰቀሰው ውጊያ ምሥራቅ ጎጃም ከተጎዱት አካባቢዎች አንዱ ነው። ከባሕር ዳር በስተደቡብ በምትገኘው መርዓዊ ጥር 20 ቀን 2016 ዓ.ም. ቢያንስ 45 ሲቪሎች በመንግሥት የጸጥታ ኃይሎች መገደላቸውን የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን አስታውቋል። እንዲህ ባለ ቦታ የሚኖር ገበሬ የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ አያነብም። የመንግሥትን ባሕርይ የሚያውቀው በሩን በሚያንኳኳው መኮንን ነው። በሌላ በኩል ጠመንጃ ያነሣውም ወገን፣ ሰው ሰብስቦ ሲያዝዝ፣ ከጥቁር አንበሶች ደንብ ነጻ አይደለም። እነርሱም መንግሥት አልነበሩም፤ ገበሬውን ግን አትንኩ ብለው ጽፈዋል።

የተቋሙስ ዕዳ?

እስካሁን የተናገርነው ስለ ተማሪው ነው። ሕግ የተማረ ሰው ግን ግዴታን ሲያነሣ መብትን ማስከተል አለበት። ከተማሪው ይህን ሁሉ የሚጠብቅ ተቋም እርሱ ራሱ ምን አለበት?

አንደኛ፣ ከፓርቲ ነጻ የሆነ ትምህርት። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 87 የመከላከያ ሠራዊቱ ተግባሩን ከፖለቲካ ድርጅት ወገንተኝነት ነጻ ሆኖ እንዲያከናውንና ምንጊዜም ለሕገ መንግሥቱ ተገዥ እንዲሆን ያዛል። የአብዮቱን ዘመን የካድሬ ትምህርት የሚያስታውስ ሰው ይህ አንቀጽ ለምን እንደተጻፈ አይጠፋውም።

ሁለተኛ፣ ችሎታን ከሕገ መንግሥታዊ አስተሳሰብ ጋር አጣምሮ ማስተማር። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. መፈንቅለ መንግሥት የመሩት ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይም፣ በዚያው ትርምስ በመፈንቅለ መንግሥቱ ሰዎች ከታገቱት ጋር የተገደሉት ሜጀር ጄኔራል ሙሉጌታ ቡሊም የሆለታ ፍሬዎች ነበሩ። ሁለቱም ብቃት አልጎደላቸውም። የጎደለው አለመግባባትን ያለ ጥይት የሚፈቱበት ሥርዓት ነው። ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለማርያምም ከዚያው ከሆለታ ነው የወጡት።

ሦስተኛ፣ ተማሪውን አለመካድ። በ1983 ዓ.ም. የደርግ መንግሥት ሊወድቅ ሲቃረብ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከክፍል ተነሥተው ለውትድርና ሥልጠና ብላቴ መግባታቸውን የእኔ ትውልድ አይረሳውም። ግንቦት ላይ የላካቸው መንግሥት ፈረሰ፤ ፕሬዚዳንቱ አገር ጥለው ሄዱ። ብዙዎቹ ተማሪዎች በእግራቸው ወደ ኬንያ ድንበር ተሰደዱ። ከ1928ቱ ዕጩ መኮንኖች ጋር ሲነጻጸሩ እነዚህ ልጆች ዲሲፕሊን ጎደላቸው ሊባል ይችላል? አይመስለኝም። የሆለታዎቹ ምን እንደሚጠበቅባቸው ያውቁ ነበር። የብላቴዎቹ ግን ሳይጠየቁ ተወሰዱ፣ ሳይነገራቸው ተተዉ። ኃላፊነት ውል ነው፤ አንዱ ወገን ብቻ የሚፈርመው ውል ደግሞ ፈራሽ ነው።

ስለዚህ ልጃችን፣ የእኅታችን ልጅ ወይም የጎረቤታችን ልጅ ወደ ወታደራዊ አመራር ትምህርት እገባለሁ ሲል ከደመወዙ በፊት የሚጠየቅ ነገር አለ። ትምህርት ቤቱ ሕግ ያስተምርሃል ወይ? ሐሰተኛ ሪፖርት የጻፈ ይባረራል ወይስ ይሾማል? ሕገ ወጥ ትእዛዝ አልፈጽምም ያለ መኮንን የሚጠብቀው ምንድን ነው? መልሱ ጥሩ ከሆነ እንመርቀው። ካልሆነ ጥያቄው የእርሱ ብቻ መሆኑ ቀርቶ የእኛም ይሁን። እኛ በየቢሯችን ተቀምጠን የምንጽፈውን ሕግ መንገድ ላይ፣ ኬላ ላይ፣ በቢቸናና በሞጣ ደጃፎች የሚያስፈጽመው ይኸው ወጣት ነውና።

ቸር ይግጠመን!